ፊቷን መጨረሻ ላይ እዩት

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ደብረ ብርሃን ወዳለው ፎቶ ቤቴ መጣች። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ገና አልለቀቀም። ጋቢዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አወጣችና አንድ ሥዕል አሳየችኝ።

«እትዬ፣ ልክ እንደዚህ አድርገሽ አንሺኝ።»

የድሮ የፈረንሳይ ወይዘሮ ናት። ፀጉሯ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ጌጥ አለች። በእጇ ቀስት ይዛለች። እናትየው አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይቺ ሴትዮ አዳኝ ናት እንዴ?» አሉ።

ሥዕሉን በትክክል አነበቡት። ግማሽ ጨረቃና ቀስት ያላት ዲያና ናት፤ በሮማውያን አፈ ታሪክ የአደን አምላክ። በ1740ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዣን ማርክ ናቲዬ የሚባል ሠዓሊ የፈረንሳይን ቤተ መንግሥት ሴቶች እንዲህ እያለበሰ ይስላቸው ነበር። የንጉሥ ሉዊ 15ኛን ቅምጥ ማዳም ደ ፖምፓዱርን በ1746 ዲያና አድርጎ ስሏታል። የንጉሡን ልጅ ሄንሪየትን ደግሞ በ1742 የአበባ አምላክ የሆነችውን ፍሎራን አድርጓታል፤ ነጭ ለብሳ ከምንጭ ዳር ጋደም ብላ አበባ ስትጎነጉን።

ያን ቀን ለሙሽራዋና ለእናቷ ያሳየሁትን እዚህ ልጻፈው። እኔ ፎቶ ስጀምር ብርሃን እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። የተማርኩት ከእነዚህ ሥዕሎች ነው። ስለዚህ የማያቸው እንደ ባለሙያ እጅ እንጂ እንደ ታሪክ መምህር አይደለም።

መጀመሪያ ሥዕሉን በስልካችሁ ክፈቱና ፊቷን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። እውነቴን ነው፣ ሸፍኑት። ፊት ዓይንን ይሰርቃል። ቆንጆ ናት፣ አይደለችም፣ አፍንጫዋ ረዘመ እያልን እዚያው እንቀራለን። ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገው ግን አብዛኛው ያለው ከአንገት በታችና ከጀርባዋ ነው።

ይህን ንባብ እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ቅዱስ ስሙ ባይጻፍ እንኳ እንለየዋለን። ክንፍ ያላቸውና በአንድ እግራቸው የቆሙት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ የኛው የቡልጋው። አንበሶችና ነብሮች የከበቧቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ። ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ፊታቸው ተቀራራቢ ነው። የሚለያቸው አብሯቸው ያለው ነገር ነው።

የአውሮፓውም እንዲሁ ነው። ጣዎስ ወፍ ካለች ጁኖ ናት፣ የአማልክቱ ንግሥት። የራስ ቁር፣ ጦር፣ ጋሻ ወይም ጉጉት ካለ ሚነርቫ ናት፤ የጥበብ። እርግብ፣ ዛጎል ወይም ክንፍ ያለው ሕፃን ካያችሁ ቬኑስ ናት። የስንዴ ዛላ የያዘችው ሴሬስ ናት፣ የመከር አምላክ። ጽዋ ይዛ ንስር የምታጠጣ ልጅ ሄቤ ትባላለች፤ የወጣትነት ምልክት ስለሆነች ወጣት ወይዛዝርት እንደሷ መሳል ይወዱ ነበር። እነዚህን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከበድ ይላል። የምታዩት አምላኳን ራሷን ነው ወይስ እንደ አምላክ የለበሰች ወይዘሮ? ፀጉሩን እዩ። ቦቲቼሊ በ1485 አካባቢ የሳላት፣ ከባሕር የምትወጣው ቬኑስ ፀጉሯ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ጌጥ የሚባል ነገር የላትም። ያቺ የማንም ሚስት ሆና አልቀረበችም። ናቲዬ የሳላቸው ሴቶች ግን ቀስቱን ይያዙ እንጂ ፀጉራቸው የዘመኑ የቤተ መንግሥት ፋሽን ነው። ፊታቸው ላይም የተቀባው ቀላ ያለ ቀለም አልለቀቀም። ደግሞ ሬምብራንት አለ። በ1634፣ ባገባበት ዓመት፣ ሚስቱን ሳስኪያን ፍሎራ አድርጎ ስሏታል። ራሷ ላይ የአበባ ጉንጉን ደፍታለች፣ አበባ የታሰረበት በትር ይዛለች። ፊቷ ግን የአምላክ ፊት አይደለም፤ ሞላ ያለ ጉንጭ ያላት፣ በልብሱ ብዛት ትንሽ ያፈረች የምትመስል ልጅ ናት። እኔ ይህን ሥዕል በጣም ነው የምወደው።

አሁን ወደ እጆቹ እንሂድ። ፎቶ አንሺ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ሆልባይን የዴንማርኳን ክርስቲናን በ1538 ሲስላት የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ግን ባሏ የሚላኑ መስፍን ሞቶባት ጥቁር ለብሳለች። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሚስት እየፈለገ ስለነበር ሠዓሊውን ብራስልስ ድረስ ላከው። የተሰጠው ጊዜ 3 ሰዓት ብቻ ነው። በ3 ሰዓት ንድፉን ይዞ ተመለሰና ኋላ ቁመቷን ሙሉ ሳላት። ሥዕሉ ለንደን ናሽናል ጋለሪ አለ። ልብሷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። የሚያበሩት ፊቷና እጆቿ ብቻ ናቸው፤ አንድ ጣቷ ላይ ቀይ ፈርጥ ያለው ቀለበት አለ። ንጉሡ ሥዕሉን ወደደው፣ ጋብቻው ግን አልሆነም። እኔም ውጭ አገር ላለ እጮኛ የሚላክ ፎቶ ብዙ አንስቻለሁ። እዚያ ፎቶ ላይ እጅ ብዙ ያወራል። ከተጨበጠ ፍርሃት ነው። እንደ ክርስቲና ላላ ብሎ ከተያያዘ ልጅቷ በራሷ ቆማለች።

በጎን የተሳለች ሴት ስታዩ ደግሞ አትቸኩሉ። በኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው፤ ሰይጣን ወይም ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች። በ1400ዎቹ በጣሊያኗ ከተማ በፍሎረንስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ጥንት ሳንቲም በጎን መሳል የክብር ነበር፣ በተለይ ለተከበረ ቤት ሙሽራ።

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አንድ ሥዕል እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ጆቫና ቶርናቡኦኒ ትባላለች። ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ የሳላት ሲሆን ዛሬ ያለችው ማድሪድ፣ ቲሰን ሙዚየም ነው። ፊቷን ሸፍኑና ጀምሩ። እጆቿ መሐረብ ይዘው ተደራርበዋል። ትከሻዋ ላይ ልብሱ ውስጥ «ኤል» ፊደል አለ፤ የባሏ የሎሬንዞ ስም መነሻ ነው። ከኋላዋ ባለው መደርደሪያ በአንድ በኩል ሉል ያለው የከበረ ጌጥ ተቀምጧል። በሌላው በኩል የጸሎት መጽሐፍ አለ። ከሱ በላይ ቀይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ጌጡ የቤቱን ሀብት፣ መጽሐፉና መቁጠሪያው የሷን ሃይማኖት ይናገራሉ። ከአንገቷ ጀርባ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ በላቲን ተጽፎባታል። ትርጉሙ «ጥበብ ሆይ፣ ጠባይንና ነፍስን መሳል ብትችዪ ኖሮ፣ በምድር ላይ ከዚህ ያማረ ሥዕል ባልተገኘ ነበር» ማለት ነው። ከታች ዓመቱ አለ፣ 1488።

ያ ዓመት የሞተችበት ነው። በ1486 ተዳረች፣ በማግሥቱ ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፣ በ1488 በወሊድ ምክንያት ሞተች። ዕድሜዋ 20 ገደማ ነበር። አሁን ጣታችሁን አንሱና ፊቷን እዩ።

እኔ ይህን ሥዕል ሳይ የሚመጡብኝ ደንበኞቼ ናቸው። ለተዝካር ወይም ለሙት ዓመት የሚሆን ፎቶ ሊያሠሩ ይመጣሉ። የሚይዙት ከመታወቂያ ላይ የተላጠ አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። «አጉልተሽ፣ ነጠላ አልብሰሽ አውጪልን» ይሉኛል። አንዳንዱ ማተቧ እንዲታይ ይፈልጋል። አንዱ አባት የልጁን የምረቃ ቆብ እንድጨምር ለምኖኛል። ጊርላንዳዮም የሠራው ሥራ ይኸው ነው። መጽሐፏን፣ መቁጠሪያዋን፣ የባሏን ፊደል አንድ በአንድ መልሶ ሰጣት።

ልብሱን ለማንበብ እኛ እንግዳ አይደለንም። በርኖስ የለበሰና ካባ ላንቃ የደረበ ሰው አንድ እንዳልሆነ አያቶቻችን በሩቁ ይለዩ ነበር። ብሮንዚኖ በ1545 አካባቢ የሳላትን የቶሌዶዋን ኤሌኦኖራን እዩ፤ የፍሎረንሱ መስፍን የኮዚሞ ሚስት ናት። ልብሷ ነጭ ሐር ነው። ጥቁር ከፈይ በሐረግ ይሄድበታል፣ ወርቅ ክር ይገባበታል። ደረቷ መሃል ትልቅ የሮማን ፍሬ ጥልፍ አለ። ሮማን ውስጡ ፍሬ ሙሉ ስለሆነ የመውለድ ምልክት ነው። እጇ የልጇ የጆቫኒ ትከሻ ላይ ነው። 11 ልጆች የወለደች ሴት ናት፤ ልብሱ ዘሩ አይጠፋም እያለ ነው። ስታጎሉት ጥልፉን ከደረቷ ጀምራችሁ ወደ እጅጌው ተከተሉት። ሠዓሊው አንድም ሐረግ አልዘለለም።

ስለ ዕድሜና ከጀርባ ስላለው መደብ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። ሁሉንም አትመኑ። የጣሊያኗ ወይዘሮ ኢዛቤላ ዴስቴ ለሠዓሊው ለቲሲያን ሥዕሏን ስታዝ 60 ዓመት ገደማ ነበረች። በ1530ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ ያለቀው ሥዕል ግን የኮረዳ ነው፤ የተሠራው የወጣትነቷን ሌላ ሥዕል አይቶ ነው። ዛሬ ቪየና ይገኛል። የሊዮናርዶዋ ቼቺሊያ ጋሌራኒ ደግሞ፣ ነጭ አርሚን የምትባል ትንሽ የዱር እንስሳ ያቀፈችው፣ ከኋላዋ ያለው ድፍን ጥቁር የሊዮናርዶ አይደለም። በኋላ ሌላ እጅ የቀባው ነው። እንስሳዋ ግን የሱ ናት። ያኔ አርሚን ከመቆሸሽ ሞትን ትመርጣለች ይባል ስለነበር የንጽሕና ምልክት ናት።

ፊቱን ስትገልጡ መጀመሪያ የአፍንጫውን ጥላ ፈልጉ። ጥላው ወደ ቀኝ ከወደቀ መስኮቱ በግራ ነው። ብዙ ጊዜ በግራ ነው። እኔ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ወንበሩን ከመስኮቱ በስተቀኝ ያደረግሁት ከዚህ ተነሥቼ ነው። ከዚያ ዓይኗን እዩ። እናንተን ታያለች ወይስ አልፋችሁ? ቼቺሊያ ወደ ጎን ዞራ ሌላ ሰው ታያለች። ክርስቲና ቀጥ ብላ እናንተን።

ከተረቶቹ ሁሉ እኛን የሚነካ አንድ አለ። አንድሮሜዳ። ግሪኮቹ በሚተርኩት መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እነሱ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በሙሉ ነበር። እናቷ በቁንጅና ስለተኩራራች የባሕር አውሬ ተላከባቸው። ልጅቷ ለአውሬው በዓለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች። ፔርሴዎስ መጥቶ አዳናት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ጠይም እንደነበረች ጽፏል። ቲሲያን በ1550ዎቹ ሲስላት ግን ነጭ ናት። ሬምብራንትም በ1630 አካባቢ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ነጭ አድርጓታል። ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ይህን ሳይ ቅር ይለኛል፣ አልደብቅም። ስታገኟት ሰንሰለቱን፣ ዓለቱን፣ አውሬውን ፈልጉ። ከዚያ የኛን ብሩታዊት አስታውሱ፤ ዛፍ ላይ ሆና ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የምታየውን። የታሰረች ልጅ፣ አውሬ፣ ከላይ የሚመጣ አዳኝ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

ሙሽራዋ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ በእጄ ምን ልያዝ ታዲያ?» ብላ ጠየቀች። እናትየው ቀስቱን አልወደዱትም። ሁለቱ ሄዱና በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሙሽራዋ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። የአያቷ እንዝርት ነው፣ ከመንዝ የመጣ፣ እጀታው በእጅ ብዛት የጠቆረ። ግራ እጇ ሱፉን፣ ቀኝ እጇ እንዝርቱን እንዲይዝ አደረግሁ። ከመስኮቱ ዘወር አድርጌ አስቀመጥኳት፤ የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ቀኝ ወደቀ። መደቡን ጥቁር ጨርቅ አደረግሁት።

ፎቶው ታትሞ ሲወሰድ የእናትየው እህት አብረው መጥተው ነበር። ሊያዩ ሲያጎነብሱ እናትየው እጃቸውን ያዙና «ቆይ፣ መጀመሪያ ፊቷን ሸፍኚው» አሏቸው።

አክስትየው አውራ ጣታቸውን ፎቶው ላይ አደረጉ። ትንሽ ቆዩ።

«ውይ፣ የእማማ እንዝርት!»