ደጋና ቆላን በባዶ ሃይላንድ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላን ይሸመድዳሉ እንጂ ከፍታው አይታያቸውም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ይዛችኋቸው ስትወርዱ፣ ጣርማ በር ላይ የባዶ ሃይላንድ ክዳን ከፍታችሁ መልሳችሁ ጥብቅ አድርጉት። ደብረ ሲና ላይ ጎኑ ገባ ማለት ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ላስቲኩን ከውጭ የሚጨምቀው እሱ ነው።

በመስኮት የሚያዩትንም ሰብል ይመዝግቡ፤ ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ማሽላና ማሾ። ልዩነቱ ያኔ ነው የሚገባቸው!

ጉዞው ካልተቻለ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ይያዝላችሁ። ግን እዚያው ፎቶ ያንሳው፤ ሽቅብ ሲመለስ ላስቲኩ መልሶ ይነፋል። ጠንካራ የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም፣ ስስ ላስቲክ ይሁን። ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት።