በትዝታ ቅኝት የሚያቃጭል የነፋስ ደወል አሠራር

ነፋስ ለማያጣው የሱሉልታ ወይም የለገጣፎ ግቢ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የአልሙኒየም ቱቦ ይምረጡ፤ ተራውን ብረት ክረምቱ ያዝገዋል። የቅኝቱን አምስት ድምፆች የሚያወጡትን አምስት ቁራጮች ከአንድ ቱቦ ይቁረጡ፤ ውፍረታቸው ከተለያየ ቅኝቱ ይበላሻል። ለትዝታ ሜጀር ርዝመታቸው 50፣ 47.2፣ 44.5፣ 40.9 እና 38.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ በግማሽ ቢቀንስ ድምፁ ሁለት ኦክታቭ (ያው ድምፅ ቀጥኖ የሚደገምበት ርቀት) ስለሚቀጥን፣ ሚሊ ሜትሮችም ለውጥ ያመጣሉ፤ በትንሹ አስረዝሞ ቆርጦ በሞረድ መጨረስ ይሻላል።

ዋናው ነገር መስቀያው ነው። ጫፉ ላይ ከተበሳ ሲባጎው ንዝረቱን ያፍነዋል፤ ደወሉ «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። ከላይኛው ጫፍ ከርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ ቱቦው ሲርገበገብ የማይነቃነቅ ነጥብ አለ፤ ለ50ው 11.2፣ ለ38.6ቱ 8.6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እዚያ ግራና ቀኝ በስተው ናይለን ሲባጎ ያሳልፉ። የቀዳዳውን ስለት ሳያለዝቡት እንዳይሰቅሉ፤ ሲባጎውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ሲሰቅሉ የሁሉንም ወገብ እኩል ያድርጉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚወጣው መሃላቸው ሲመታ ነው። መምቻው የደረቀ የወይራ ክብ ሆኖ ከቱቦዎቹ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከሥሩ አሮጌ ሲዲ ያንጠልጥሉ፤ ነፋሱን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ ከሰፋ ግን ነፋስ ሲበረታ ሲባጎዎቹ ይጠላለፋሉ። ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት አርቀው ይስቀሉት።