የፈረስ ጭራ ይዞ መጀመር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል የሙዚቃ ክበብ አለን። ልጆችን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ማስተዋወቅ ለሚፈልግ መምህር ወይም ወላጅ የመጀመሪያ ምክሬ ፒያኖ ፍለጋ እንዳይደክም ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይፈልግ።

የማሲንቆ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። የቫዮሊን ደጋንም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ነው፤ ሁለቱም ሙጫ ካልነካቸው ድምፅ አይወጣቸውም። አዝማሪው ደጋኑን ለልጆቹ ይስጣቸው፤ ጭራውን ይዳስሱት፣ አንድ ጊዜም ቢሆን ክሩ ላይ ይሳቡት። ከዚያ በኋላ ቫዮሊን በስልክ ስታሰሟቸው እንግዳ አይሆንባቸውም፤ የማሲንቆ ዘመድ ነው። አንድ ክር ያለውና አራት ክር ያለው መሣሪያ በምን እንደሚለያዩ ጠይቋቸው፤ ሳትነግሯቸው ይደርሱበታል። የአዝማሪውን ክፍያ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እንጀራው ነው። የጠራችሁት ለመሣሪያው ድምፅ እንደሆነም ንገሩት፤ አለበለዚያ ሰዓቱ በውዳሴ ግጥም ያልቃል።

ከሁሉም የሚከብደው ማዳመጥን ማስተማር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሲምፎኒ፣ ማለትም በብዙ መሣሪያዎች የሚጫወት በክፍሎች የተከፈለ ረጅም ሙዚቃ፣ ከዳር እስከ ዳር ለማሰማት ሞከርሁ፤ ሁለተኛው ክፍል ሳይጀመር ልጆቹ ወደ መስኮቱ ማየት ጀመሩ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም። አሁን ከ3 ደቂቃ አላልፍም፤ ያንኑ 3 ደቂቃ ግን ሦስት ጊዜ አሰማለሁ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው በዝምታ ይሰማሉ። ሲደገም ዜማው ሽቅብ ሲወጣ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሲወርድ ያወርዳሉ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ልጅ አንድ መሣሪያ መርጦ እስከ መጨረሻው ይከተላል። ማሕሌት ሲቆም ያደረ ልጅ ወይም መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅ ረጅም ዜማ በትዕግሥት መከተል ያውቃል። ይህ ትልቅ ችሎታ መሆኑን በክፍሉ ፊት ንገሩት፤ ብዙዎቹ ችሎታ መሆኑን አያውቁም።

ጆሯቸው ሲነቃ ተረት ያለው ሙዚቃ አምጡ። ሩሲያዊው ሰርጌ ፕሮኮፊየቭ በ1936 እ.ኤ.አ. ለልጆች የደረሰው «ጴጥሮስና ተኩላው» ለዚህ የሚመች ነው። በሙዚቃው ውስጥ እያንዳንዱ ባለ ታሪክ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ወፏ ፍሉት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላሪኔት፣ አያትየው ባሱን፣ ተኩላው ደግሞ ሦስት ሆርን ናቸው። ተረቱን በቅድሚያ በአማርኛ፣ ማታ እሳት ዳር እንደሚነገረው አድርጋችሁ አውሩላቸው። ከዚያ በየቅዳሜው አንድ እንስሳ ብቻ። ለወፏ ተራ ዋሽንት ነፊ ከተገኘ ከፍሉቱ ጎን ይንፋ፤ ሁለቱም እስትንፋስ የሚሹ መሣሪያዎች ናቸው። መብራት እንዳያሳፍራችሁ ስልኩንና ድምፅ ማጉያውን ዓርብ ማታ ቻርጅ አድርጉ።

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጊው ነው?» የሚል ወላጅ ይመጣል። አትከራከሩ፤ አስቀምጡትና የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አሰሙት። በ6 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ፣ ኋላም መንኩሰው የሙዚቃቸውን ገቢ ለችግረኛ ልጆች ያዋሉ እናት መሆናቸውን ንገሩት። በጣቶቻቸው ውስጥ የአገራችን ቅኝት ይሰማል፤ ወላጁም ሳይነገረው ይለየዋል። አዝማሪነትም የሚያሳፍር ሙያ እንዳልሆነ ጨምራችሁ ንገሩት፤ እኔ ሁልጊዜ እናገራለሁ።

በሴሚስተሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ወላጆችን ጥሩ። መድረክ አያስፈልግም፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ደርድሩ። ያንኑ 3 ደቂቃ ሙዚቃ ሦስት ጊዜ ክፈቱ፤ መቼ ዓይን እንደሚጨፈን፣ መቼ እጅ እንደሚነሣ ለአባቶቻቸውና ለእናቶቻቸው የሚያሳዩት ልጆቹ ይሁኑ።