የመጀመሪያውን የምላጭ ማፋጫ ቆዳ በርካሽ እንዴት እንመርጣለን?

መጀመሪያ ምላጫችሁን እዩት። ላሜታ የሚገባበት ከሆነ ቆዳ አያስፈልገውም፤ ላሜታው ሲዶለዱም ይቀየራል። ማፋጫ ቆዳ የሚያስፈልገው ራሱ ስለት ላለው፣ ለሚታጠፈው የድሮ ምላጭ ነው።

ውድ ቆዳ አትግዙ። እኔ የመጀመሪያዬን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሰፊና የሚያምር ነበር። በሦስተኛው ቀን ምላጩን ሳዞር ስለቱ ገባበትና መሐሉ ተቦጨቀ። ዛሬም ይቆጨኛል። ጀማሪ ቆዳ መቁረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ቢቆረጥ የማያንገበግብ ይሁን።

ግድግዳ ላይ ከሚንጠለጠለው ይልቅ ጣውላ ላይ የተለጠፈውን ምረጡ። የሚንጠለጠለው በደንብ ካልተወጠረ ይረግባል። የረገበ ቆዳ ስለቱ ላይ ይጠመዘዝና ከማሾል ይልቅ ያዶለዱመዋል። ጣውላ ግን አይረግብም። ደግሞ ጅማ ላይ ጣውላ ምን ችግር አለ? በርጩማና ወንበር የሚሠሩ አናጺዎች ጋ የዋንዛ ቁርጥራጭ ጠይቁ። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር ይበቃል። ዋናው ነገር ፊቱ ዝንፍ የማይል ለጥ ያለ መሆኑ ነው።

አስቸጋሪው ቆዳው ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ብዙው ላዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ጨርቅ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ ቃጫ የመሰለ ጭረት ይታያል፣ ጀርባው ደግሞ ሻካራ ነው። ቀለም ያልተቀባ ከሆነ ፊቱ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ፤ ቀስ እያለ ይመጠዋል።

ለስላሳ የጃኬት ቆዳም አይሆንም፤ ይለጠጣል። በእፅዋት የለፋ ጠንከር ያለ ቆዳ ነው የሚፈለገው። ጠርዙ እስከ ውስጡ ቡናማ ነው። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይወስደዋል። እኔ የአሁኑን ያገኘሁት እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ከአንድ ጫማ ሰፊ ነው። «ለሶል የሚሆን ወፈር ያለ ቆዳ» ስለው ከጥግ ጎትቶ አወጣልኝ። የአባታችሁ አሮጌ ቀበቶም ይሆናል፤ ግን ያልተደረበ ነጠላ ቆዳ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ ስፌት አይኑረው። ቀበቶ ጠባብ ስለሆነ ምላጩን በሰያፍ መሳብ አለባችሁ።

ሻካራውን ጎን ጣውላው ላይ በማስቲሽ ለጥፉት፣ ድንጋይ ጫኑበትና አሳድሩት።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር አደራ። የምላጩ ጀርባ ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል። ሁለቱም ቆዳውን ይንኩ፤ አትጫኑት፣ የምላጩ ክብደት ብቻ ይበቃል። ጫፍ ስትደርሱ ቁሙ። ጀርባውን ከቆዳው ሳታነሱ ስለቱን ወደ ላይ ገልብጡ። ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ብቻ ተመለሱ። እኔ ቆዳዬን የቦጨቅኩት ሳይገለበጥ መመለስ ስለጀመርኩ ነው። መጀመሪያ ቀስ በሉ፤ ፍጥነቱ ኋላ ይመጣል። ከመላጨቴ በፊት 40 ምልልስ አደርጋለሁ።

የጅማ ዝናብ ቆዳ ያሻግታል። ምላጩን ሳታደርቁ ቆዳው ላይ አታሳርፉ። ቆዳውንም መታጠቢያ ቤት አትተዉት፤ መኝታ ክፍል ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።