የዳምፕሊንግ ሾርባ፦ ለምን ይፈነዳል፣ ምን ይደረግ

ቻይና ውስጥ ሺያን ከተማ በተማርኩባቸው ዓመታት እኛ ኢትዮጵያውያን አዘውትረን የምንበላው በሙስሊሞች ሰፈር ነበር። የአሳማ ሥጋ ይኖርበት ይሆን ብለን ሳንጨነቅ የምንቀመጠው እዚያ ብቻ ነው። በበሬ ወይም በበግ ሥጋ የተሞላው የሊጥ ጥቅል፣ ማለትም ዳምፕሊንግ፣ ቻይናዎቹ ጂያውዝ የሚሉት፣ በጎምዛዛ ትኩስ መረቅ ውስጥ ይቀርባል፤ የሾርባው ስም ሱዋንታንግ ሹዌይጂያው ነው። ፍሪዘር ውስጥ የተዘጋጀ ዳምፕሊንግ ካለ በሃያ ደቂቃ የሚደርስ እራት ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ አሠራሩን ለወዳጆቼ ካሳየሁ ወዲህ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም፤ አሥር ሰው ቢደውል ስምንቱ የሚለኝ «ፈነዳብኝ» ነው።

ድስቱ ውስጥ ይፈነዳል

ክዳኑን ስትከፍቱ ባዶ ሊጥ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፤ ሥጋው ከታች ተበትኗል፤ በአጭሩ ያላችሁ ቀጭን ምንቸት አብሽ ነው። ከመደወላችሁ በፊት አንዱን በጭልፋ አውጡና የት ላይ እንደተከፈተ ተመልከቱ። መፍትሄው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የተከፈተው በመጋጠሚያው ከሆነ ጥፋቱ የአዘጋጉ ነው። የሥጋው ስብ ወይም ጭማቂ ጠርዙን ነክቶታል፤ ቅባት የነካው ሊጥ ደግሞ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጫኑት አይያያዝም። ሙሌቱን መሐል ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ አድርጉ። ስግብግብነት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ የተዳመጠ ሊጥ በራሱ ይጣበቃል፤ ተገዝቶ የመጣ ወይም ጠርዙ የደረቀ ከሆነ ብቻ ግማሹን ጠርዝ በረጠበ ጣት ዳብሱት። ዳብሱት አልኩ እንጂ ውሃ አልብሱት አላልኩም፤ ውሃ የበዛበት ጠርዝ ይንሸራተታል። ስትዘጉም ከሙሌቱ ጀምራችሁ ወደ ውጭ እየተጫናችሁ አየሩን አስወጡት። ውስጥ የቀረ አየር ሲሞቅ ይነፋል፤ የተነፋ ነገር መውጫ ይፈልጋል።

አንዲት ጎረቤቴ ለእንግዶቿ ብላ አርባ ፍሬ ሠርታ ነበር፤ በሳምቡሳ ቂጣ፣ በዱቄትና በውሃ ሙጫ እየለጠፈች። ሳምቡሳ የፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሙጫው ወዲያው ደርቆ ይዘጋል፤ ውሃ ውስጥ ግን ይሟሟል። ቂጣውም አስቀድሞ የበሰለና ስስ ስለሆነ ለአምስት ደቂቃ እንኳ አይቆምም። ከአርባው አንድ አልተረፈም። በወንፊት ያወጣነውን ሥጋ በሽንኩርት ጠብሰን በእንጀራ አቀረብነው፤ እንግዶቹም አመስግነው በሉ። የሳምቡሳ ቂጣ ለሳምቡሳ ነው።

የተቀደደው ሆዱ ላይ ከሆነ ሙሌቱ ውሃ ይዟል፣ ወይም ውሃው በኃይል ፈልቷል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም። ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በቀጥታ ከሥጋ ጋር አታዋህዱ። ለ300 ግራም ጎመን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና ሃያ ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እጃችሁ እስኪደክም ጨምቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው በሚወጣው ውሃ ብዛት ይደነግጣል። ያ ሁሉ ውሃ ሊጡ ውስጥ ሊቀር ነበር። ጎመኑ ጨው ስለያዘ የሥጋውን ጨው ቀንሱ። ሽንኩርቱን በቢላዋ ክተፉት፤ መፍጫ ውስጥ ከገባ ጭማቂ ይሆናል። ቲማቲም የጨመረም ሰው ገጥሞኛል። እርሱን ምን እንደምለው አላውቅም።

አፈላሉን በተመለከተ ቻይናዎቹ መላ አላቸው። ዳምፕሊንጉ ገብቶ ውሃው እንደገና ሲፈላ አንድ የቡና ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምራሉ፤ ሲፈላ እንደገና፤ ሦስተኛም። ውሃው መንተክተኩን ያቆማል እንጂ መብሰሉ አይቋረጥም። ጋዝ ያለው ሰው እሳቱን ዝቅ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። የእኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ማብሪያውን ብታዞሩትም ሽቦው እስኪቀዘቅዝ ሥራውን አያቆምም፤ ስለዚህ የስኒው ዘዴ ለእኛ የግድ ነው። ውሃው ደግሞ ብዙ ይሁን፤ ለሃያ ፍሬ ከሁለት ሊትር አይነስ።

ሊጡ በሙሉ በጥቃቅን ስንጥቅ ከተሞላ ጉዳዩ የፍሪዘር ነው፤ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የቀዘቀዘ ዳምፕሊንግ አይሟሟም። እደግመዋለሁ፦ ጠዋት አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ፈላ ውሃ ይገባል። ሲሟሟ ሊጡ የሙሌቱን ጭማቂ ይጠጣል፣ ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፣ ስታላቅቁት ይቀደዳል። እናንተ ባታሟሙት እንኳ መብራት ሲጠፋ ይሟሟል። ሱቅ ውስጥ ከረጢቱን አንሥታችሁ ነቅንቁት፤ እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ግዙት፣ አንድ ላይ ከረጋ መልሱት። አንድ ባለሱቅ ፍሪዘሩ ጠፍቶ እንደማያውቅ በእናቱ ስም ማለልኝ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ሠላሳ ፍሬዎች ግን አንድ የወፍጮ ድንጋይ ሆነው ነበር። ይህ የመፈንዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀልጦ ለሰዓታት የቆየ የተፈጨ ሥጋ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም ተሐዋስያኑ አይሞቱም፤ ቤታችሁም መብራት ጠፍቶ እንዲያ ከሆነ ሳታዝኑ ጣሉት። ራሳችሁ የሠራችሁትን ስታቀዘቅዙ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ አራርቃችሁ ደርድሩ፤ ድንጋይ ሲሆን ብቻ ወደ ከረጢት ይገባል።

ውስጡ ጥሬ ነው

«እሽጉ ላይ ስምንት ደቂቃ ይላል፤ ስምንት ደቂቃ ቀቀልኩት።» እሽጉን የጻፈው ሰው አዲስ አበባ አይኖርም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሺያን 400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ ከ98 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እኔም እንደተመለስኩ በሺያን ልማድ ቀቅዬ ጥሬ በልቻለሁ። እሽጉ ስምንት ካለ አሥር ወይም አሥራ አንድ ደቂቃ ስጡት። እሳት መጨመር ምንም አይጠቅምም፤ ውሃው ከመፍለቅለቅ በቀር አይሞቅም፣ ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ እንጂ።

መንሳፈፉም ማስረጃ አይሆንም። የሚንሳፈፈው ውስጡ ያለው አየርና እንፋሎት ሲሰፋ ነው፤ ሥጋው ያኔ ገና ቀይ ሊሆን ይችላል። አንዱን ቁረጡና እዩ። ቴርሞሜትር ያለው መሐሉን ይለካ፤ ለተፈጨ የበሬ ሥጋ 71 ዲግሪ በቂ ነው። «ክትፎ እየበላን ያደግን ሰዎች ነን» የሚሉኝ አሉ። የክትፎው ሥጋ ልኳንዳው የሚታወቅ፣ የዕለት ሥጋ ነው፤ ይኼኛው የት እንደተፈጨና ስንት ወር እንደከረመ የሚነግራችሁ የለም።

ድስቱ ሥር ይጣበቃል

እንዳስገባችሁት በጭልፋው ጀርባ አንድ ጊዜ ከሥር ግፉት። አለቀ።

ሊጡ ሲዳመጥ ይሸበሸባል ወይም ይቀደዳል

አላረፈም። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቁንጥር ጨው፤ አሽታችሁ ሸፍናችሁ ሠላሳ ደቂቃ ተዉት። ጠርዙ ከመሐሉ ይሳሳ።

ሾርባው ደፈረሰ፣ ወይም ጣዕም የለውም

ሺያን ውስጥ የተቀቀለበትን ውሃ ሳህኑ ላይ የሚጨልፉ አሉ። የመጀመሪያው ዙር ውሃ ከሆነ ምንም አይደል፤ በሦስተኛው ዙር ግን ዱቄቱ ስለሚበዛ የሕፃን አጥሚት ይሆናል። የአጥንት መረቅ በሌላ ድስት ካሞቃችሁ ችግሩ አይነሣም።

ጎምዛዛነቱ የሚጠፋው አቼቶውን ድስት ውስጥ ስታፈሉት ነው፤ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። ማጣፈጫው ሁሉ ሳህን ውስጥ ይጠብቅ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ተኩል የቻይና ጥቁር አቼቶ፣ ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት፣ የተቆላ ሰሊጥ፣ የተከተፈ የሽንኩርትና የድምብላል ቅጠል። በላዩ ላይ 300 ሚሊ ሊትር የፈላ መረቅ አፍስሱና ዳምፕሊንጉን ጨምሩ። ጥቁሩ ካልተገኘ ነጩ አቼቶ ይሠራል፤ ነገር ግን ኃይለኛ ስለሆነ ከአንድ ማንኪያ አትለፉ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳርም አስከትሉበት።

ለማቃጠያው የጋለ ዘይት የሚፈስበት ንጹሕ የቀይ ቃሪያ ዱቄት ነው። ሚጥሚጣ ኮረሪማ ስላለው ሾርባውን ይወርሰዋል፤ በርበሬ ደግሞ ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ዘይቱ ሲጨስ ከእሳት አውርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልጠበቃችሁ ዱቄቱ ይጠቁርና ይመራል። ዱቄቱ ያለበት ሳህን ደረቅ ይሁን። እርጥብ ሳህን ላይ የጋለ ዘይት የጨመረ ሰው ፊት አይቻለሁ።

በማግስቱ

የተረፈውን ዳምፕሊንግ ከሾርባው አውጥታችሁ ለብቻ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ በማግስቱ በጥቂት ዘይት ግራ ቀኙን ጥበሱት። መረቅ ውስጥ ያደረውን በጭልፋ ለማንሣት አትድከሙ፤ ሊጡ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ስትነኩት ይበተናል።