ከውጭ የእንጨት መሥሪያ ይዛችሁ ወደ ጎንደር ስትመጡ

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ ከአዘዞ አየር ማረፊያ ወርዶ በማግስቱ ወርክሾፔ መጣ። አሜሪካ ሳለ በትርፍ ሰዓቱ መደርደሪያ ሲሠራበት የኖረውን ክብ መጋዝ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። ጠፍጣፋውን ስፒና ከገበያ በገዛው መቀየሪያ ላይ ሰካና፣ እኔ «ቆይ» ሳልል ቁልፉን ተጫነው። መጋዙ በቁጣ ጮኸ፤ ከማራገቢያው በኩል ብልጭታ ወጣ፤ የሚቃጠል ቫርኒሽ ሸተተኝና ጭስ ተከተለ። መጋዙ በእጁ እንዳለ ሞተ።

ይህንን ስንቴ አየሁት! የስፒና መቀየሪያ የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እባካችሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት መሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ለጎረቤት ስጡት።

«ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር እገዛለሁ» የሚሉ አሉ። እኔም ብዬ ነበር። 12 አምፔር የሚስብ መጋዝ በ500 ዋት ትራንስፎርመር ለማስነሳት ሞከርኩ፤ 12 በ120 ሲባዛ 1,440 ዋት እንደሚሆን አላሰላሁም። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ጠረጴዛ ላይ እንደሚታሰር ሞረድ ማሽን ያሉ ካርቦን (መብራቱን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፍ ብሩሽ) የሌላቸው ባለ 60 ኸርዝ (ኸርዝ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) ሞተሮች ደግሞ ቮልቱ ቢስተካከልላቸውም በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነታቸው በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይግላሉም።

በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ መብራት ሲጠፋ ሥራ አያስፈታም፤ አምጡ። ነገር ግን ቻርጀሩን እዩ። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመሰርሰሪያውም እንደዚያው ይመስላችኋል፤ ብዙዎቹ 120 ብቻ ናቸው። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙ፦ 18 በ5 ሲባዛ 90 ዋት ሰዓት ነው፣ ያልፋል፤ 18 በ6 ግን 108 ስለሚሆን አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ኢንችን መርሳትም ሌላው ስህተት ነው። የአሜሪካ መጋዝ ዲስክ የመሃል ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ 5/8 ኢንች፣ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ የምታገኙት ላይገጥም ይችላል። መለዋወጫ ዲስክ አብራችሁ ያዙ። ቀዳዳውን በሞረድ የሚያሰፋ ሰው አይቼ ደንግጫለሁ። መሃሉን የሳተ ዲስክ ይርገበገባል፣ እንጨቱን ይነክስና መጋዙን ወደ ሰው ይወረውራል። በፍጹም እንዳታደርጉት።

አንድ ዓይነት ዕቃ አሥር አታምጡ፤ ጉምሩክ ላይ ለግሌ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል።

የአገር መሣሪያ መናቅም አለ። በየቀኑ የምይዘው መሮ አንጥረኛ ከመኪና ባሌስትራ የቀጠቀጠው ነው። መልኩ ጥቁር ነው፣ የመዶሻው ምት አሁንም ይታይበታል። በደንብ ከተሳለ ግን የክንድ ፀጉር ይላጫል፤ ዋንዛ ላይ ሲገፉት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ያወጣል። እኛ የሚቸግረን ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከተረፈ አንድ ሸካራ፣ አንድ ለስላሳ ጨምሩ፤ መብራት አይፈልጉ፣ ኢንች አይሉ።