ያገለገለ ኤም5 ወይም ኤ ኤም ጂ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይገዛል?

ጓደኛዬ አንድ እሁድ ጠዋት ደወለልኝ። «ኤም5 አግኝቻለሁ! ዋጋው ከቪትዝ ብዙም አይርቅም» አለኝ። እሱ በደስታ ሊፈነዳ ነው። እኔ ግን ፈራ ተባ አልኩ።

ኤም5 የቢ ኤም ደብልዩ፣ ኤ ኤም ጂ ደግሞ የመርሴዲስ ጉልበተኛና ፈጣን መኪና ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና የሚረክሰው የሚወደው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ወጪውን የሚያውቁ ሰዎች ስለሚሸሹት ነው። በዚያ ላይ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተብሏል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉት ቀድመው የገቡት ናቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ዋናው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «እስካሁን በማን እጅ ነበር?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን ምረጡ

መስቀል አደባባይ ላይ ስትቆሙ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናችሁ። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከ2005 እስከ 2010 በፈረንጆቹ የተሠራው ኤም5 ባለ 10 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ሞተር አለው፤ ቱርቦ የለውም። ወረቀቱ ላይ 507 የፈረስ ጉልበት ይላል። እዚህ ግን ወደ 400 ቢጠጋ ነው። ከ2011 በኋላ የመጣው ባለ ሁለት ቱርቦ ኤም5 ከፍታውን የተሻለ ይችለዋል፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር አፍኖ ያስገባዋል። ጠንክሮ ስለሚሠራ ግን ይሞቃል።

ነዳጅም አለ። ለባለ 10 ሲሊንደሩ ፋብሪካው የሚመክረው ኦክቴን 98 የሚባለውን ቤንዚን ነው። እኛ ጋ ማደያው የሚቀዳልን ያው አንዱ ቤንዚን ነው።

እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ከኋላ የምትለጠፍ ምልክት በየመለዋወጫ ሱቁ ትሸጣለች። ስለዚህ ምልክቱን ትታችሁ የቻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። የእውነተኛ ኤም5 ቻንሲ የሚጀምረው በ«ደብልዩ ቢ ኤስ» ነው። «ደብልዩ ቢ ኤ» ካለ ተራ ቢ ኤም ደብልዩ ነው። የጓደኛዬ «ኤም5» ደብልዩ ቢ ኤ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ራሱ እንደማያውቅ ምሎ ተገዘተ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ እሱም ከሌላ ሰው የገዛው ነው።

መርሴዲስ ከሆነ ኮፈኑን ክፈቱ። እንደ ኢ55 እና ኢ63 ያሉትን የኤ ኤም ጂ ሞዴሎች ሞተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጥመው አንድ ሰው ነው። ፊርማውም ሞተሩ ላይ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል። ፊርማ ከሌለ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ይሄ ላይ አልደራደርም። ጠዋት፣ ሻጩ ቤት፣ መኪናው ካደረበት ሳይነሳ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ኢ63 ላይ 12 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ኮፈኑን በመዳፌ ስነካው ትኩስ ነው። «ኪዳን አድርሼ መመለሴ ነው» አለኝ ሰውየው። ጎማው ላይ ግን የሌሊቱ ዝናብ አቧራውን እንዳጠበው ነበር፤ የተነዳ መኪና አይመስልም። ቆሞ አሙቆታል ማለት ነው። ሰላም ብዬ ወጣሁ።

ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል። በባለ 10 ሲሊንደሩ ኤም5 የታወቀው በሽታ የቢዬላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዝ መበላት ነው። ሲብስ ከሥር ኳ ኳ ይላል፤ ያን ጊዜ ግን መሽቷል። ስለዚህ «ብሮንዙ ተቀይሯል ወይ? ደረሰኙስ?» በሉ። በ6.2 ሊትሩ ኢ63 ደግሞ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎኖች ይበጠሳሉ፤ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሲነሳ ነጭ ጭስ ካበዛ፣ ወይም የራዲያተር ውኃ ያለ ምክንያት የሚጎድል ከሆነ ተዉት።

ቁመናውን እዩ

በአየር የሚሠራ ሾክ ያላቸው መርሴዲሶች ሲያድሩ አንድ ጎናቸው ከተቀመጠ አየሩ ያፈስሳል። በፈረንጆቹ ከ2003 እስከ 2006 የተሠሩት ኢ55ቶች ደግሞ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ «ቀይሩኝ» ይላል። ከሜክሲኮ ቦሌ በአንድ ቀን የምንረግጠውን ፍሬን ጀርመኖቹ የገመቱት አይመስለኝም።

ቸርኬውን ከውስጥ በኩል በባትሪ እዩት። የባለ 10 ሲሊንደሩ ኤም5 ጎማ ባለ 19 ኢንች ነው። የጎማው ጎን አሥር ሴንቲ ብቻ ስለሆነ ጉድጓድ በቀጥታ ቸርኬውን ይመታዋል። ተሰንጥቆ የተበየደ ቸርኬ አትቀበሉ።

ኪሎ ሜትሩን አትመኑት። የሾፌሩ ወንበር ጎን፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የመሪው ቆዳ ያለቀ ሆኖ ቆጣሪው 70,000 ካለ አንዱ ዋሽቷል። ወንበር አይዋሽም።

ንዱት

ከ6 ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውሰዱት። ዳገቱ ለሙቀትም ለካምቢዮም ጥሩ ፈተና ነው። ማርሽ ሲቀይር ከገፈተራችሁ፣ የሙቀቱ መርፌ ከመሐል ከወጣ፣ ኤንጂን የሚል መብራት ከበራ አስተውሉ። ሬዲዮውን ዝጉ። ሻጩ ወሬ ካበዛም በትህትና ዝም አሰኙት።

መካኒኩን ከመኪናው በፊት ፈልጉ

የቶዮታ መካኒክ በየሰፈሩ አለ። የዚህን መኪና ሞተር ከፍቶ የሚገጥም ግን ጥቂት ነው። ዲያግኖስቲክ ማሽን ያለው፣ ከዚህ በፊት ይህንኑ ሞዴል የሠራ ጋራዥ ፈልጋችሁ አስፈትሹት። ሻጩ ራሱ ወደሚያውቀው ጋራዥ ሊወስዳችሁ ከፈለገ እሺ አትበሉ። ሶማሌ ተራ የበርና የመብራት ዕቃ ይገኝ ይሆናል። የኤም5 ብሮንዝ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዋጋውን ሳታውቁ አትፈርሙ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይግጠም። ሞተር ቁጥርና ቻንሲ ከመኪናው ጋር አመሳክሩ። ቦሎው ወቅታዊ ይሁን። ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፤ በባንክ የተያዘ መኪና ብዙ ነው። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ መከፈሉን ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርሙ።

ስሙን ሳላዛውር በውክልና ይዤው ልዙር የምትሉ ካላችሁ፣ ተዉ። ወካዩ ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፈርሙ፤ ገንዘቡን በባንክ አስተላልፉ፤ ስሙን ወዲያው አዛውሩ። የደላላው ኮሚሽንም አስቀድሞ ቁርጥ ይሁን።

ቁልፉን ከተቀበላችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትሄዱት ቦሌ አይደለም፤ ዘይት መቀየሪያ ነው። ለባለ 10 ሲሊንደሩ ኤም5 10 በ60 የሚባለውን ዘይት እንጂ ያገኛችሁትን አታስገቡበት። ደረሰኙንም ሊብሬው ውስጥ አጥፋችሁ አስቀምጡት። ቀጣዩ ገዢ ይጠይቃችኋል።